አዳኝ፦ ሲጠብቅና ሲላላ

ዶዶላ የሄድኩት ለለቅሶ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ አባቷ አርፈውባት ከአዲስ አበባ አምስት ሆነን ወረድን፤ ቤቱ በእንግዳ ስለተጨናነቀ እኔን ጎረቤት አሳደሩኝ። ጠዋት ስነሳ ከበሩ በላይ ጥንድ የደጋ አጋዘን ቀንድ አየሁ። ዙሪያውን ተጠምዝዞ ወደ ላይ የወጣ፣ ጫፉ የነጣ፣ ክንድ ከስንዝር የሚያልፍ ቀንድ ነው። ዣንጥላና ባርኔጣ ተንጠልጥሎበታል።

«አዳኝ ያለበት ቤት ነዋ!» አልኩ፣ ጨዋታ ለመጀመር ያህል።

ዳቦ ይዞልኝ የገባው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኛ ቤት አዳኝ የለም» አለና ዣንጥላውን አውርዶ፣ ከመደቡ ላይ ጋቢ ስቦ ቀንዱን አለበሰው። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ ቀዳልኝ።

ያ ጋቢ ከዓይኔ አልጠፋም። እኔ ባደግኩበት አገር «የገዳይ ልጅ» መባል ሙገሳ ነበር። ሠርግ ላይ ዘራፍ ብሎ የተነሳ ሰው አያቱ የጣሉትን አንበሳና ጎሽ ሳይቆጥር አይቀመጥም። ይኼ ልጅ ግን የአያቱን ግዳይ እንደ ነውር ሸፈነው። በሁለት ትውልድ መካከል ምን ቢፈጠር ነው?

ቃሉን ራሱን እንየው። «አዳኝ» ጠብቆ ሲነበብ አውሬ የሚገድል ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ነፍስ የሚያተርፍ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለ ደጋ አጋዘን የሚደረገው ክርክር ሁሉ እዚህ ቃል ላይ ያረፈ ይመስለኛል። አንዱ ወገን አደን አውሬውን ጨረሰው ይላል፤ ሌላው በሥርዓት የተመራ አደን አውሬውን ያተርፈዋል ይላል። ሁለቱም ደግሞ ስለ አዳኙ እንጂ ከአዳኙ ጋር ሲነጋገሩ አልሰማሁም።

አጋዘኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ጫካ ገብተን ባናየውም። በ10 ሳንቲም ጀርባ ላይ ስንት ዓመት በኪሳችን ይዘነው ዞረናል! ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር ጫካ የለም። መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ያሉት የአርሲ፣ የባሌና የሐረርጌ ደጋዎች ናቸው፤ ኮሶና ጽድ ከሚበቅልበት ጫካ እስከ አስታው ቁጥቋጦ ድረስ። የውጭው የሳይንስ ዓለም ያወቀው በጣም ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ እ.ኤ.አ. በ1908 አርሲ ውስጥ አንዱን ገደለ። ቆዳውና ቀንዱ ለንደን ደርሶ ሪቻርድ ላይዴከር እ.ኤ.አ. በ1910 ሳይንሳዊ ስም ሲሰጠው የገዳዩን ስም አወረሰው። ከአፍሪካ ትላልቅ አጋዘኖች ሁሉ በመጨረሻ የተመዘገበው እሱ ነው። አርሲዎች ግን ከዚያ በፊት ስንት ዘመን ስም ሰጥተውት፣ ጠባዩን አጥንተው፣ በልተውት ኖረዋል። የዚያ ሻለቃ ጥይት «ግኝት» ተባለ። የአርሲው ጦር በኋላ ምን እንደተባለ ልጁ ጋቢውን ሲያለብስ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። አደን በኢትዮጵያ የማዕረግ መንገድ ነበር። ዝሆን የጣለ የወርቅ ጉትቻ ያደርጋል፤ አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ደፍቶ አደባባይ ይቆማል። በኦሮሞው ባህልም ገዳይ ጸጉሩን ቅቤ ተቀብቶ፣ በዘፈን ታጅቦ ወደ ሰፈሩ ይገባ ነበር። ከክብሩ ጀርባ ንግድ አለ፤ ከደቡብና ከምዕራብ የወጣው የዝሆን ጥርስ ለምኒልክ ዘመን ጠመንጃ መግዣ ሆኗል። ዝሆኑ እያለቀ መሆኑን ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱም ሳያስተውሉ አልቀሩም፤ በ1901 ዓ.ም. የዝሆን አደንን የሚገድብ ደንብ አወጡ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጠለ። አያቶቻችን የተሞገሱበት ነገር በአደባባይ አመድ ሆነ። መቃጠሉ ተገቢ ነበር፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ዶዶላ ካደርኩ በኋላ ግን በዚያ እሳት ፊት ሊቆም የሚገባው አንድ ሽማግሌ ጎድሎ ታየኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። የልጁን አያት አገኘኋቸው፤ «ኦቦ» ብቻ እላቸዋለሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑኝ አልጽፈውም። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያልፋል። መጀመሪያ ስለ ገብስና ስለ ዝናብ ብቻ አወሩኝ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ወደ በሩ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም» አሉኝ። «አባቴ ሲያስተምረኝ ግልገል ያላትን አትንካ አለኝ። ውሃ ላይ የቆመን አትምታ አለኝ። ያቆሰልከውን ጥለህ አትግባ፤ ቢመሽም ዱካውን ይዘህ እደር አለኝ። አንድ ሌሊት በውርጭ ያደርኩት ላቆሰልኩት ብዬ ነው። ይኼ ሌባ ነው?»

ምንሽር ነበራቸው። በንጉሡ ዘመን፣ በኋላም ደግሞ፣ የውጭ አዳኞች ሲመጡ መንገድ መሪ ሆነው ሠርተዋል። «ፈረንጁ መነጽር አለው፤ እኔ ዓይን አለኝ» አሉ። «ኮርማው የትኛው አስታ ውስጥ እንደተኛ በጠረኑ አውቃለሁ። እወስደዋለሁ፣ በጣቴ አሳየዋለሁ፣ ይተኩሳል። ይስመኛል! ፎቶ ይነሳል፤ እኔ ከፎቶው ውጭ ቆሜ ፈረሱን እይዛለሁ። ማታ የቀን አበሌን ተቀብዬ እሄዳለሁ። በሌላው ዓመት በዚያው ዱካ ለራሴ ሄድኩ። አንድ ገደልኩ። ታሰርኩ። ያው ጫካ ነው፤ ያው አጋዘን ነው።»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ሁሉን ነገሩኝ ማለት አልችልም። የገደሉት አንድ ብቻ ስለመሆኑ ስጠይቃቸው ዝም ብለው ፍንጃል አዞሩ። የልጅ ልጃቸውም በበሩ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ አባል መሆኑን በኋላ ነገረኝ።

ሕጉ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልን ከልክሏል፤ ቅጣቱም እስራት አለው። ፈቃድ ያለው አዳኝ ደግሞ በተከለለ የአደን ቀበሌ፣ ጠባቂ አብሮት ሄዶ፣ ዕድሜው የገፋ ወንድ ብቻ እንዲመታ ይፈቀድለታል። ለአንድ ወንድ አጋዘን 15,000 ዶላር እንደሚከፈል ለዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። ከፈቃዱ ገቢ 85 በመቶው ለክልሉ ነው። ከክልሉ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳው ወደ ቀበሌው፣ ከቀበሌው ደጋው ላይ ከብት ወደሚያግደው ሰው ስንት ይደርሳል? ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ኃላፊዎች አንዱን ይህንኑ ጠየቅኳቸው። በስልክ «በአካል ይምጡ» አሉኝ፤ በአካል ስሄድ «በደብዳቤ ያቅርቡ» አሉኝ፤ ደብዳቤውን ይዤ ስመለስ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የጠየቅኩት አንድ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ድርሻ የሌለው ሰው አጋዘኑን የራሴ አይለውም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋና ዓላማው ይኸን አጋዘንና ቀይ ቀበሮን መጠበቅ ነበር። በደርግ ዘመን ሰው ከሚያግድበት እየተነሳ፣ ጥበቃው በጠመንጃ ጠነከረ። አጋዘኑም በፓርኩ የጋይሳይ ሜዳ ላይ በመንጋ ይታይ ጀመር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የፓርኩ ሕንፃዎች ተዘረፉ፤ አጋዘኑም በጥይት ረገፈ። «ያኔ የተተኮሰው ለሥጋ ብቻ አልነበረም» አሉኝ ኦቦ። «የመንግሥት ከብት ነበር በእኛ ዘንድ። መንግሥት ሲሄድ ከብቱን ማን ይጠብቅለት? እኔ ያን ጊዜ አልተኮስኩም። ሴቷንም ግልገሉንም ሲፈጁ አየሁ፤ አባቴ ቢኖር ያለቅስ ነበር።»

ያን ከሰማሁ ወዲህ «ሕገ ወጥ አዳኝ» የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄ ይያዛል። ግልገል ያላትን አትንካ የሚል ሥርዓት የነበረውን ሰውና በ1983ቱ ግርግር መንጋውን የፈጀውን ሰው በአንድ ስም ጠርተን፣ የመጀመሪያውን ሥርዓት ከልጅ ልጁ ዘንድ አጠፋነው። አጋዘኑን ዛሬ የሚያስጨንቀው ጥይት ብቻም አይደለም፤ እርሻው ሽቅብ ይወጣል፣ ከብቱ ግጦሹን ይጋራል፣ አስታው ይቃጠላል፣ ውሻ ግልገል ያሳድዳል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዲንሾ ያነጋገርኩት አንድ የፓርኩ ጠባቂ ግን ሌሊት የተኩስ ድምፅ ሲሰማ በእግሩ ሦስት ሰዓት ተጉዞ የሚደርሰው ደም ላይ እንደሆነ ነግሮኛል።

ስሰናበት ኦቦ አንድ ነገር ለመኑኝ። ቀንዱን ለመንግሥት ማስረከብ ይፈልጋሉ። ከሞቱ በኋላ ልጁ ላይ ጣጣ እንዳይመጣ ነው። ይዘው ቢሄዱ ግን እሳቸውን እንዳያስሩ ይፈራሉ። «ጠይቂልኝ፤ ባመጣው ምን ይሉኛል?»

ያንኑ ኃላፊ ጠየቅኩላቸው። ይህም በደብዳቤ ይቅረብ ተባለ፤ አቀረብኩ። ባለፈው ሳምንት ዶዶላ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳው ልጁ ነው። አያቱ ደህና መሆናቸውን፣ ቀንዱም ከነጋቢው እዚያው መሆኑን ነግሮኝ፣ መልስ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀኝ።