ለአንድ ቤት ሁለት የአቮካዶ ችግኝ ለምን?



በሲዳማና በወላይታ ገጠር ከእንሰቱና ከቡናው መካከል የአቮካዶ ዛፍ ማየት የተለመደ ነው። ከእነዚህ ዛፎች አንዳንዶቹ በአበባ ተሸፍነው ይከርሙና ፍሬያቸው በጣት የሚቆጠር ይሆናል። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ባለቤቱ «ይህስ መካን ነው» ብሎ ምሳሩን ይስላል። ለአንድ ቤተ ሰብ ሁለት ዓይነት ችግኝ መስጠት ብክነት አይሆንም ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁን መልሱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል። በመጀመሪያ ሲከፈት ሴቴ ነው፤ ብናኝ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም። ከዚያም ይዘጋና በማግሥቱ ወንዴ ሆኖ ተከፍቶ ብናኙን ይሰጣል። የአንድ ዛፍ አበቦች ይህን የሚያደርጉት በተመሳሳይ ሰዓት ስለሆነ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ብዙ ጊዜ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ዝርያዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። «ኤ» የሚባሉት ጧት ሴቴ ሆነው ይከፈቱና በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ወንዴ ይሆናሉ። «ቢ» የሚባሉት ግን ከቀትር በኋላ ሴቴ፣ በማግሥቱ ጧት ወንዴ ናቸው። ስለዚህ ጧት «ቢ» ሲሰጥ «ኤ» ይቀበላል፤ ከቀትር በኋላ ተራው ይገለበጣል። ሃስ፣ ፒንከርተንና ሪድ ከ«ኤ» ወገን ናቸው፤ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ቤከንና ናባል ከ«ቢ»። የእስራኤል ገበሬዎች በሃስ ተክላቸው መካከል ኤቲንገርን ጣልቃ የሚያስገቡት ለዚሁ ነው። አመላላሿ በተለይ ንብ ናት፤ በአበባ ወራት ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው የገዛ ሠራተኛውን ይገድላል።

ብቻውን የቆመ ዛፍ ፈጽሞ አያፈራም ማለት ግን አይደለም። አየሩ ሲቀዘቅዝ የመከፈቻው ሰዓት ይዛባና ሁለቱ ወገኖች በአንዱ ዛፍ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። በደህናው ዓመትም ቢሆን ከሺህ አበባ ለፍሬ የሚበቃው ጥቂት ነው፤ የአበባው መርገፍ ብቻውን አያስደነግጥ። የዛፉም ዕድሜ ይጠየቅ፤ ከዘር የበቀለ ለማፍራት ከ5 እስከ 8 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ከዘር የበቀለ ዛፍ እናቱን አይመስልም፤ ከየትኛው ወገን እንደሚሆንም አስቀድሞ አይታወቅም። እርግጥ ሃስ ራሱ በካሊፎርኒያ ከተተከለ ዘር በአጋጣሚ የተገኘና በ1935 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት የተሰጠበት ዝርያ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕድል ግን የድኻ ጓሮ ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ አይችልም። የታወቀ ዝርያ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት ችግኝ በ3 ወይም በ4 ዓመት ያፈራል፤ ስለዚህ የምንመርጠው ይህን ነው፤ አንድ ሃስና አንድ ኤቲንገር ወይም ፉዌርቴ። ውኃ በሚተኛበት ቦታ ግን የሁለቱም ሥር ይበሰብሳል።

ለሁለት ዛፍ የሚሆን ቦታ የሌለው ከጎረቤቱ ጋር ይስማማ፤ አንዱ «ኤ»ን ሌላው «ቢ»ን ይትከል። ንብ አጥር አታከብርም።

አሮጌውንም ዛፍ ከመቁረጥ የሌላውን ወገን አንድ ቅርንጫፍ ቀጥሎበት ማየት ይሻላል። ወገኑን ለመለየት ፀሐያማ በሆነ ቀን ጧት 4 ሰዓት ገደማ አበባውን ቀረብ ብሎ መመልከት ነው። በዙሪያው ያሉት ክሮች ወደ ጎን ተኝተው የመካከሉ ዘንግ ብቻውን ቆሞ ከታየ ሴቴ ነውና ዛፉ «ኤ» ነው። ክሮቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ ደግሞ ወንዴ ነውና ዛፉ «ቢ» ነው፤ የሚቀጠልለትም ሃስ ይሆናል።