ሦስት በመቶው ብቻውን አያሸንፍም፦ አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በመንገድና ትራንስፖርት ጨረታ

ወልድያ፦ ከደሴ፣ ከመቀሌ እና ከወረታ የሚመጡ መንገዶች ወልድያ ላይ ይገናኛሉ። የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳም ከወልድያ በስተደቡብ በዚሁ የአዲስ አበባ አውራ መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገድ ባለበት ሁሉ ሥራ አለ። የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ጌጠኛ ድንጋይ ይነጠፋል፤ በመናኸሪያ የተሳፋሪ መጠለያ ይገነባል። የእነዚህ ሥራዎች ዋነኛ ገዢ መንግሥት ነው፤ የሚገዛውም በአብዛኛው በጨረታ ነው። ታዲያ ተደራጅተው የተነሡ አሥር ወጣቶች ማሽነሪ እና የባንክ አቅም ካለው ተቋራጭ ጋር እንዴት ሊወዳደሩ ይችላሉ?

የሀገሪቱ የግዥ ሕግ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው ምላሽ "ልዩ አስተያየት" ይባላል። የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 በሀገር ውስጥ ለተመረቱ ዕቃዎች፣ ለሀገር ውስጥ ተቋራጮች እንዲሁም ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ደንግጓል። በ2002 ዓ.ም የወጣው የአፈጻጸም መመሪያ ደግሞ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ከሌሎች የሀገር ውስጥ ተጫራቾች ጋር ሲወዳደሩ የሦስት በመቶ የዋጋ ብልጫ እንዲያገኙ አድርጓል።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ለአንድ የመናኸሪያ መጠለያ ግንባታ አንድ ተቋራጭ 1 ሚሊዮን ብር፣ አንድ ኢንተርፕራይዝ ደግሞ 1 ሚሊዮን 25 ሺህ ብር አቀረቡ እንበል። ልዩነቱ ከሦስት በመቶ በታች በመሆኑ በንጽጽሩ ኢንተርፕራይዙ ይቀድማል፤ ውል የሚፈርመው ግን ራሱ ባቀረበው ዋጋ ነው። ያቀረበው ዋጋ 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ብር ቢሆን ኖሮ ሦስት በመቶው አያድነውም ነበር።

ለአነስተኛ ተቋማት የበለጠ ክብደት ያለው ግን ሌላው ድጋፍ ነው። በዚሁ መመሪያ መሠረት የጨረታ ማስከበሪያ ከግዥው ግምታዊ ዋጋ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ይደርስ ነበር። የውል ማስከበሪያ ከውሉ ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶ ነበር። ቅድመ ክፍያ ከ30 በመቶ አይበልጥም ነበር፤ እሱንም ለመቀበል ተመጣጣኝ ዋስትና ይጠየቅ ነበር። የ1 ሚሊዮን ብር ሥራ ያሸነፈ ኢንተርፕራይዝ ገና አንድ ድንጋይ ሳያነሣ 100 ሺህ ብር ማስያዝ ይጠበቅበት ነበር ማለት ነው።

መመሪያው ይህን ሸክም አቅልሏል። ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የጨረታ ሰነድ ያለ ክፍያ እንዲወስዱ፣ በሲፒኦ ወይም በባንክ ዋስትና ፈንታም ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ፈቅዷል። በምሳሌው መሠረት ሦስት በመቶው የሚያስገኘው ብልጫ 30 ሺህ ብር ገደማ ነው። የዋስትና ደብዳቤው ግን 100 ሺህ ብር ለሲሚንቶ፣ ለአሸዋ እና ለቀን ሠራተኛ ክፍያ እንዲውል ያስችላል። ደብዳቤውን የሚጽፈው አካልም ኃላፊነት ይወስዳል፤ ተዋዋዩ ሥራውን ጥሎ ቢሄድ ተጠያቂነቱ ወደ ዋሱ ይዞራል። አደራጁ ደብዳቤ ከመስጠቱ በፊት የኢንተርፕራይዙን አቅም የሚመረምረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዕድሉ ተጠቃሚ ማን ነው? በ2003 ዓ.ም የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ እስከ 5 ሠራተኛ ያለውን ተቋም ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ያለውን ደግሞ አነስተኛ ይለዋል። ከሠራተኛ ቁጥር በተጨማሪ የካፒታል ጣሪያም አስቀምጧል። በኢንዱስትሪ ዘርፍ የአነስተኛ ተቋም ጣሪያ 1.5 ሚሊዮን ብር፣ በአገልግሎት ዘርፍ ደግሞ 500 ሺህ ብር ነው።

የዋጋ ብልጫው የማይደርስባቸው ሥራዎችም አሉ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ በወልድያ አቅራቢያ እስከምትገኘው ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የባቡር መሥመር ግንባታ የተሰጠው ለቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ነው። እንዲህ ባለ ውል አንድ የሐብሩ ኢንተርፕራይዝ በዋና ተቋራጭነት ሊወዳደር አይችልም። ድርሻ የሚያገኘው ድንጋይ በማቅረብ፣ ቦይ በመሥራት፣ ምግብ በማዘጋጀት ወይም በሌላ ንዑስ ውል ብቻ ነው። የንዑስ ውል ድርሻ በዋናው ውል ላይ አስቀድሞ ካልሰፈረ ደግሞ ጉዳዩ ለዋናው ተቋራጭ በጎ ፈቃድ ይተዋል።

የሌሎች ሀገራት ልምድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የአውቶቡስና የባቡር ኤጀንሲዎች ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጫና የደረሰባቸው ሰዎች ለያዟቸው አነስተኛ ድርጅቶች ለአሥርት ዓመታት የተሳትፎ ግብ ሲያስቀምጡ ቆይተዋል። ደንቡ ትልልቅ ውሎች ለአነስተኛ ድርጅቶች በሚመጥን መጠን እንዲከፋፈሉ ያበረታታል። ዋና ተቋራጩም ክፍያ ከተቀበለ በ30 ቀናት ውስጥ ለንዑስ ተቋራጩ እንዲከፍል ያስገድዳል። ሕንድ ደግሞ የመንግሥት ተቋማት ከዓመታዊ ግዥያቸው ቢያንስ 25 በመቶውን ከጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች እንዲፈጽሙ ወስናለች።

ሥራን ከፋፍሎ መስጠት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም የተጀመረውና ቀበሌዎችን በየትኛውም ወቅት በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት ያለመው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ ማለትም ዩራፕ፣ ሥራውን በአነስተኛ ውሎች ለጀማሪ ተቋራጮች ሰጥቷል። በየከተማው የጌጠኛ ድንጋይ ንጣፍም ብዙ ወጣቶች ድንጋይ መፍለጥና ማንጠፍ ተምረው በማኅበር የሠሩበት ዘርፍ ነው።

ስለዚህ የሦስት በመቶው ብልጫ ፍሬ የሚያፈራው ሌሎች ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛው ሥራው ለአነስተኛ ተቋም በሚመጥን ሎት ተከፋፍሎ መውጣቱ ነው። ሁለተኛው ክፍያው በጊዜ መድረሱ ነው። ትልቅ ተቋራጭ የሦስት ወር መዘግየት ሊቋቋም ይችላል። አሥር አባላት ያሉት ማኅበር ግን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ለመክፈል ይበደራል፤ ያሸነፈው ጨረታም ዕዳ ይሆንበታል።

ለመወዳደር የሚዘጋጁ ኢንተርፕራይዞች አስቀድመው ገዢው ማን እንደሆነ መለየት አለባቸው። እንደ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የፌዴራል ተቋማት በፌዴራል ሕግ ይገዛሉ። ወረዳዎችና የከተማ አስተዳደሮች የክልሉን የግዥ ሕግ ይከተላሉ። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ደግሞ የራሳቸው የግዥ መመሪያ አላቸው። የፌዴራሉ አዋጅም በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። በመሆኑም የልዩ አስተያየቱን መጠንና የሚቀርበውን የዋስትና ዓይነት በእጅ ካለው የጨረታ ሰነድ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይነት ማስረጃ እና የአደራጁ ደብዳቤ ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት ተሟልተው መገኘት አለባቸው። አንድ ወረቀት የጎደለበት ተጫራች ዋጋው ሳይታይ ሊወድቅ ይችላልና፣ የሦስት በመቶው ብልጫም ያን ጊዜ አይጠቅመውም።