ማዲያትና ፊት የሚያነጣው ቅባት

ማዲያት የሚባለው የፊት ጥቁረት ነፍስ የሚያሰጋ በሽታ አይደለም። አያምም፥ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ነገር ግን ማዲያት የወጣባት ሴት መስተዋት ባየች ቍጥር የሚሰማት ኀዘን ቀላል ስላልሆነ፥ ቶሎ አጠፋለሁ ብሎ ለሚመጣ ሸቀጥ ሁሉ ገንዘቧን ታወጣለች። አደጋው የሚገባው በዚህ በኩል ነው። በሩም ያለው በሐኪም ቤት ሳይሆን በጉምሩክና በሱቅ መደርደሪያ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ነጋዴንም ሹምንም ይመለከታል።

በሰው ቆዳ ውስጥ ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። በማዲያት ጊዜ እነዚህ ሕዋሳት በጉንጭ፥ በግንባርና በላይኛው ከንፈር አካባቢ ከልክ በላይ ይሠራሉ። እርግዝናና የወሊድ መከላከያ ክኒን ይቀሰቅሱታል፤ በዘርም ይመጣል፤ አብዝቶ የሚያባብሰው ግን የፀሐይ ብርሃን ነው። የቆላ ሰው ችግር ብቻ ይመስላቸው ዘንድ ደጋ የሚኖሩት አይገባቸውም። ከምጽዋ ተነሥቶ አሥመራ የደረሰ መንገደኛ 2,300 ሜትር ያህል ወጥቷል፤ በየ1,000 ሜትሩም የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር አንድ ዐሥረኛ ያህል ይበረታል። ነፋሱ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ አልቀዘቀዘም።

ችኮላ የሚያመጣውን ጕዳት የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ያስረዳል። በዚያ አገር ሃይድሮኪኖን ያለበት ቅባት በየሱቁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር። በ1975 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) የአገሩ ሐኪሞች አንድ ነገር ገለጹ፤ ይኸውም ቅባቱን ለብዙ ጊዜ የተቀቡ ሴቶች ፊት ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ጥቁረት ተሸፍኖና ሻክሮ መገኘቱን ነው። ኦክሮኖሲስ የተባለው ይህ ጕዳት ለማከም እጅግ ያስቸግራል። እንግዲህ ሊያነጣ የተገዛው ቅባት አጠቆረ። በ1990 መንግሥቱ ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ዕቃ ከለከለ።

ይሁን እንጂ መድኀኒቱ ራሱ ጠላት አይደለም። በዚያው በ1975 ክሊግማንና ዊሊስ የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች ሃይድሮኪኖንን ከትሬቲኖይንና ከኮርቲዞን ወገን ከሆነ መድኀኒት ጋር ቀምመው አቀረቡ፤ ዛሬም የማዲያት ሕክምና ከዚያ ቅመም ብዙ አልራቀም። ልዩነቱ ሐኪሙ መጠኑን ማወቁና ከጥቂት ወራት በኋላ ማስቆሙ ነው። ለእርጉዝ ሴት ግን ይህ ቅመም አይሰጥም፤ በእርግዝና የመጣ ማዲያትም ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ በራሱ ይደበዝዛል።

ከሁሉ የከፋው ሜርኩሪ ወይም በአገራችን ቃል ባዜቃ ያለበት ቅባትና ሳሙና ነው። ባዜቃ ኩላሊትንና ነርቭን ይጐዳል፤ ከእናት እጅና ከቤት ዕቃም ወደ ሕፃናት ይደርሳል። ነጋዴው ዕቃውን ሲረከብ ጽሑፉን ያንብብ፤ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ቃል ቢያገኝ፥ ወይም ቅባቱ ወርቅና ብር እንዳይነካ የሚያስጠነቅቅ ምክር ቢያይ፥ ይጠርጥር። ምን እንዳለበት የማይናገር ዕቃም ከዚህ አይሻልም። ለሹማምንት ደግሞ በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት አለ፤ በ2023 የተሰበሰቡት አባል አገሮች ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ እስከ 2025 እንዲቀር ወስነዋል። ውሳኔው የሚሠራው ግን ሣጥኑን ከፍቶ የሚያይ ሰው ሲኖር ነው።

ሱቁ ሊሸጠው የሚገባው ዕቃ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው፤ ይልቁንም የብረት ኦክሳይድ ያለበትና ቀለሙ ወደ ቆዳ ያደላው ይመረጣል፤ ዐይን የሚያየው ብርሃንም ማዲያትን ስለሚያባብስ ነጩ ቅባት ብቻውን አይበቃም። ሰፊ ባርኔጣም ብዙ ይረዳል። ይህ ሳይደረግ የተገዛ መድኀኒት ሁሉ ኪሣራ ነው፤ ከፈዘዘም በኋላ በጥቂት ወራት ፀሐይ ይመለሳል።

ስሙ የማይታወቅ ቅባት ለብዙ ወራት ስትቀባ የቆየች ሴት ኮርቲዞን ሊኖርበት ስለሚችል፥ በድንገት ብታቆመው ፊቷ ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል። ብልቃጡን ይዛ ወደ ሐኪም ትሂድ።