ያስገባ ያስወጣል

የገበሬ ቤት በእሳት ሲያያዝ ሁሉም የሚያደርገውን ያውቃል። እናት ልጇን አቅፋ ትወጣለች። አባት ጋጣውን ከፍቶ ከብቱን ይለቃል። ጎረቤት ኡኡታ ሲሰማ ውሃና ቅጠል ይዞ ይደርሳል። ባለቤቱ ቤቱን ስለሚያውቀው በጨለማም ቢሆን በሩን አያጣውም። እንግዳ ግን እንዲህ አይደለም። እንግዳ የተኛበትን ቤት አያውቀውም።

ዛሬ ብዙ ገበሬ ሆቴል ያድራል። ለሕክምና ወይም ለችሎት ደብረ ታቦር የወጣ ሰው ሲመሽበት አልጋ ይከራያል። ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ የሄደ ሕመምተኛም ማደሪያ ይፈልጋል። ልጆቻችንም በሆቴል ይቀጠራሉ፤ አልጋ ያነጥፋሉ፣ ምግብ ያቀርባሉ፣ ሌሊት ይጠብቃሉ። ስለዚህ ነገሩ የከተማ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንግዳውም እኛ ነን፤ ሠራተኛውም የእኛው ልጅ ነው።

እንግዲህ በሆቴል እሳት ቢነሣ እንግዳውን ማን ያወጣዋል? መልሱ አጭር ነው። ያስገባው ያወጣዋል።

በመጀመሪያ ሰው የሚሞተው በምን እንደ ሆነ እንወቅ። ብዙ ሰው የሚገድለው ነበልባሉ ብቻ ይመስለዋል። ከነበልባሉ ቀድሞ የሚገድለው ግን ጭሱ ነው። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ ላስ ቬጋስ በምትባል ከተማ አንድ ትልቅ ሆቴል ተቃጠለ። እሳቱ የተነሣው ከታች፣ ከምግብ ቤቱ ነበር። 85 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ግን ነበልባሉ ያልደረሰባቸው፣ በላይኛው ፎቅ የነበሩ ናቸው። ጭስ ትኩስ ስለ ሆነ ሽቅብ ይወጣል። እነሱንም የፈጃቸው እሱ ነው።

ስለዚህ ጭስ በሞላበት ቤት ቆሞ መሮጥ አደጋ አለው። የሚሻለው አየር ያለው ወደ ወለሉ ነው። ጎጆአችን በጭስ ሲታፈን ዝቅ ብለን እንቀመጥ የለም? በሆቴልም እንዲሁ ጎንበስ ብሎ፣ ካስፈለገም በእጅና በጉልበት እየዳኹ መውጣት ይገባል።

ሁለተኛው ነገር መውጫ ነው። እዚያው አሜሪካ፣ አትላንታ በምትባል ከተማ አንድ ባለ 15 ፎቅ ሆቴል ነበር። «እሳት አይበላውም» ይባልለት ነበር። ነገር ግን ደረጃው አንድ ብቻ ነው። በ1939 ዓ.ም. እሳት ሲነሣ እሳቱና ጭሱ ያንኑ ደረጃ ያዙት። 119 ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ቆሞ ቀረ፤ ሰው አለቀ።

እሳት በአገራችን ሆቴልም ደርሷል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚገኘው ጥንታዊው የጣይቱ ሆቴል ከፊሉ ተቃጥሏል። «እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

በትናንሽ ከተሞች ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሌባ ስለሚፈራ የግቢው በር ሌሊት በቁልፍ ይዘጋል። መዝጋቱ ደግ ነው። ግን ቁልፉ የት ነው? ዘበኛው በኪሱ ይዞት ሌላ ቦታ ቢሄድ፣ ሌባን የከለከለው በር እንግዳውንም ይከለክላል።

ታዲያ ሠራተኛው ምን ያድርግ?

1ኛ፣ ለእንግዳው ቁልፍ ሲሰጥ መውጫውንም ያሳየው።

2ኛ፣ መተላለፊያውና የኋላው በር በጆንያና በቢራ ሳጥን አይዘጋ። የግቢው ቁልፍ ሁሉም ሠራተኛ በሚያውቀው ቦታ ይቀመጥ።

3ኛ፣ በየትኛው ክፍል ማን እንደ ተኛ በመዝገብ ይጻፍ። ወንዛዬን በመሰለ ቦታ እንግዳው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛ ወይም ሽማግሌ ነው። ሮጦ አይወጣም። ደግፎ የሚያወጣው ሰው አስቀድሞ ይታወቅ።

4ኛ፣ እሳት ሲነሣ ይጩኽ፣ በየበሩ ያንኳኳ፣ «እሳት ነው፤ ዕቃ ተዉ፤ ውጡ!» ይበል። ከገንዘብ ሣጥን በፊት ሰው ይውጣ።

5ኛ፣ የወጡትን በአንድ ቦታ ሰብስቦ በመዝገቡ መሠረት ይቁጠር። የጎደለ ካለ ለእሳት አጥፊዎች ይንገር። ነበልባል ወደ ያዘው ክፍል ግን ዘሎ አይግባ።

እንግዳውም ድርሻ አለው። ደጋ ነውና ብርዱ ይከብዳል። ቢሆንም ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ መተኛት ያለ ቃጠሎም ይገድላል። የከሰል መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ይህን ሁሉ አንዲት አልጋ አንጣፊ ብቻዋን አትወጣውም። ሁለተኛ በር የሚያወጣ፣ የእሳት ማጥፊያ የሚገዛ፣ ሠራተኛውን የሚያሠለጥን ባለቤቱ ነው። የአልጋ ዋጋ የተቀበለ የእንግዳውን ነፍስ ተቀብሏል። በጧት ጤነኛ አድርጎ ሊያስረክብ ይገባዋል።

ለውይይት

ሀ. በእሳት ጊዜ ከነበልባሉ ቀድሞ የሚገድለው ምንድን ነው?

ለ. በሆቴል ሲያድሩ መውጫውን ጠይቀው ያውቃሉ?

ሐ. በሆቴል ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ አለዎት? የግቢው ቁልፍ ሌሊት የት እንደሚያድር ይጠይቁት።