«ኔቱ ቀርፋፋ ነው» ከማለታችን በፊት እንለካ

በኮምፒውተር ክፍላችን በየቀኑ የማይቀር አንድ አባባል አለ፤ «ኔቱ ዛሬም ቀርፋፋ ነው» የሚል። ተራ ጠብቀን ያገኘናት አንድ ሰዓት ገጹ ሳይከፈት ስታልቅ በእርግጥ ያናድዳል። ግን «ቀርፋፋ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በዚህ እትም የኔትወርክ ፍጥነት እንዴት እንደሚለካና ልኬት የኢንተርኔትን ደንብ እንዴት እንደለወጠ እንመለከታለን።

ምን ምን ይለካል?

ከቦኖ ውኃ መቅዳትን እናስብ። የቧንቧው ስፋት በአንድ ጊዜ ስንት ውኃ እንደሚያልፍ ይወስናል። በኢንተርኔት ይህ ባንድዊድዝ ይባላል፤ የሚለካውም በሰከንድ በሚያልፈው ቢት ነው። ቦኖው ድረስ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ መዘግየት ነው። በመንገድ ላይ የሚደፋው ውኃ የጠፉ ፓኬቶችን ይመስላል። ፓኬት ማለት ኮምፒውተር መልእክቱን ከፋፍሎ የሚልክበት ትንሽ እሽግ ነው።

በ1986 ምን ሆነ?

ፕሮቶኮል ማለት ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ደንብ ነው። ቲሲፒ በሚባለው ደንብ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከቀረ ላኪው ፓኬቱን እንደገና ይልካል።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር ተጨናነቀ። ርቀታቸው 400 ያርድ ገደማ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ይህ በሰከንድ 5 የእንግሊዝኛ ፊደል ማለት ነው!

ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካረልስ ምክንያቱን መረመሩ። ኮምፒውተሮቹ መልስ ሲዘገይባቸው «ጠፍቷል» ብለው ደግመው ይልኩ ነበር። የመጀመሪያው ፓኬት ግን ብዙ ጊዜ አልጠፋም፤ ወረፋ ላይ ነበር። ስለዚህ በወረፋው ላይ ሌላ ወረፋ ተጨመረ።

መፍትሔው በ1988 ታትሞ ወጣ። ላኪው መልስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅና ጊዜው ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ራሱ እየለካ፣ በዚያ ልክ ይታገሣል። በጥቂት ፓኬት ይጀምራል፤ መልሱ ሲመጣለት ይጨምራል። ፓኬት ሲጠፋ «መንገዱ ተጨናንቋል» ብሎ ይቀንሳል። ልኬት ማለት እንግዲህ ከውጭ የሚደረግ ምርመራ ብቻ ሳይሆን የደንቡ አካል ሆነ ማለት ነው።

ሰፊ መስመር ሁሌም መፍትሔ ነው?

አይደለም። አንዳንድ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ጥያቄው ወጥቶ ይወርዳል፤ መልሱም እንደገና ወጥቶ ይወርዳል። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ገንዘብ ጨምረን ሰፊ ባንድዊድዝ ብንገዛም ይህ ጊዜ አያጥርም። ዝቅ ብለው የሚዞሩት አዳዲስ ሳተላይቶች ግን መዘግየታቸው በጣም ያነሰ ነው።

የድሮው ቲሲፒ መልስ ሳይመጣለት ከ65,535 ባይት በላይ መላክ አይችልም ነበር። ደርሶ መልሱ 0.6 ሰከንድ ከፈጀ፣ አንድ ግንኙነት መስመሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ በሰከንድ ከ874,000 ቢት ብዙም አያልፍም። ይህን ገደብ የሚያነሳ ማሻሻያ በ1992 ወጣ።

እኛስ ምን እናድርግ?

በ1983 ማይክ ሙስ የጻፈው ፒንግ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም አለ። አቻው በዊንዶውስ ውስጥም ይገኛል፤ አራት ፓኬት ልኮ መዘግየቱንና የጠፋውን ይነግረናል። መጀመሪያ ክፍላችን ውስጥ ወዳለው ራውተር፣ ቀጥሎ ወደ ውጭ አድራሻ እንላክ። ራውተሩ ጋ ከዘገየ ችግሩ ከእኛው ቤት ነው፤ ገመዱን ወይም ዋይፋዩን እንይ። ራውተሩ ደህና ሆኖ ውጭው ከዘገየ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለክተን በደብተር ብንመዘግብ፣ የትኛው ሰዓት ለትምህርት እንደሚመች እናውቃለን። እርዳታ ስንጠይቅም «ቀርፋፋ ነው» ከማለት ይልቅ ቁጥር እናቀርባለን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ፋይል ሲዘገይ ደጋግማችሁ አትጫኑ። የ1986ቱ ኮምፒውተሮችም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

መልካም ልኬት!