ጎማው የማን ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ለካፋ ቡና አቅራቢ ይህ የሽያጭ ወሬ ነበር። ቡናውን ለሚያጓጉዘው የአይሱዙ ባለንብረት ግን የጎማ ወሬ ነው፤ ከውጭ የሚገባ ጎማ ከዶላሩ ጋር አብሮ ይወጣልና።

እንዲህ ከሆነ ጎማ የሚያቆይ ነገር ሁሉ ሊፈለግ ይገባ ነበር። ንፋስ ማስለካት ኢምንት ወጪ ነው፤ አላይመንት ማሠራትም ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ አይደርስም። ታዲያ ጎማው ጠርዙ ተበልቶ እስኪፈነዳ የሚነዳው ለምንድን ነው? ብዙዎች የሾፌር ግዴለሽነት ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ ሒሳቡ ነው እንዲህ የሚያስነዳው።

በሚኒባስ ሥራ በተለመደው አሠራር ሾፌሩ ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁንም ከዚያው ከዕለቱ ሥራ ይሸፍናል። ጎማ መግዛት ግን የባለንብረቱ ፈንታ ነው። ንፋስ ሲያንስ ነዳጅ ስለሚበላ ሾፌሩ ጥቂትም ቢሆን ይሰማዋል። አላይመንት ሲዛባ ግን ኪሱ የሚጎዳው ባለንብረቱ ነው። ለሾፌሩ ጋራዥ መግባት ማለት መናኸሪያ ላይ ተራው ማለፍ ነው።

ጉዳቱ ትንሽ አይደለም። አንድ ጎማ ከቀጥታው በዲግሪ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢዛነፍ፣ በየኪሎ ሜትሩ 1.7 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ከካፋዋ ቦንጋ በጅማ በኩል አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ጉዞ ብቻ ከ750 ሜትር በላይ ተጎተተ ማለት ነው። ይህን ዓይን አይለየውም። መሪው ወደ አንድ ወገን ሲስብ፣ ወይም እጅ ሲዳስሰው አንደኛው ጠርዝ ሲሻክር ነው የሚታወቀው። ቡና ለመጫን ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ዴቻና ጨና ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ መኪና ደግሞ ለዚህ አንድ ክፉ ጉድጓድ ይበቃዋል።

የንፋሱ ነገር ከተነሳ በመንገዱ ላይ ያለውን የጎጀብ ሸለቆ ማለፍ አይቻልም። በቦንጋ የጠዋት ቅዝቃዜ የተሞላ የቤት መኪና ጎማ ሸለቆው ውስጥ ሲሞቅ፣ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ጠንክሮ ሲያገኘው አስተንፍሶ የሚቀጥል አለ። ፋብሪካው በር ጎን የለጠፈው ቁጥር ግን ለቀዝቃዛ ጎማ ነው። በሙቀቱ የተነፈሰው ጎማ ማታ ቦንጋ ሲገባ ጎድሎ ያድራል፤ በማግስቱ ሁለቱንም ጠርዞቹን እየበላ ይሄዳል። በአይሱዙ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከልክ በላይ ለመጫን ከልክ በላይ ይሞላል፤ ባዶውን ሲመለስ መካከሉ ያልቃል።

ሾፌሩ አላይመንት ላሠራ ቢል እንኳ ማሽኑ በቅርብ ሊኖር ይገባል። ማሽኑ ግን ውድ ነው፤ ዋጋውን የሚመልሰው በብዛት የሚመጣ ደንበኛ ብቻ ነው። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካ መቀመጫ ናት። የክልሉ ቢሮዎች ለመኪኖቻቸው ከከተማው ጋራዥ ጋር ቋሚ ውል ቢገቡ፣ ማሽኑን የሚያዋጣው ደንበኛ ከዚያው ይገኛል።

ባለንብረቶች ግን ቢሮ እስኪወስን መጠበቅ የለባችሁም። አዲስ ጎማ ሲገጠም ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ፤ ከተስማማችሁበት በላይ ከሄደ ትርፉን ለሾፌሩ አካፍሉት። አላይመንት በሚሠራበት ቀን ደግሞ ገቢ አትጠይቁት።