ባለቤቱ አገር ሲሄድ ውሻው የት ይደር?

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የውሻን ታማኝነት ብቻ ሳይሆን የባለቤቱንም ግዴታ ይናገራል፤ እንዲጮኽለት የሚፈልግ ሰው ማብላት አለበትና። የሚያበላው እጅ ለሁለት ሳምንት ከቤት ሲርቅስ? ገና ሲደርስ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ወይም ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ብዙ ተማሪና ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ አገሩ ይጓዛል። የአውቶቡስ ትኬት ይቆርጣል፤ ለእናቱ ነጠላ ይገዛል፤ የቤቱን ቁልፍ ለታመነ ሰው ይሰጣል። ውሻው ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚደረገው ምክር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። ባለቤቱ በሌለበት ውሻን ማሳደር ወጪ አለው፤ ወጪውም የመንገዱ ወጪ አንድ ክፍል ስለ ሆነ ከትኬቱ ጋራ አብሮ መቆጠር ይገባዋል። አስቀድሞ ያልተቆጠረ እንደ ሆነ ዕዳው አይቀርም፤ በውሻው፣ በጎረቤት ልጅ፣ ወይም በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

ዕዳው ምንድን ነው?

የራበው ውሻ አጥር ይጥሳል፤ ገመድ ይበጥሳል። መንገድ ላይ የወጣ ውሻ ሰው ሊነክስ፣ በሌላም ውሻ ሊነከስ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ ኀላፊነቱ አይቀርለትም። ስለዚህ «እኔ ያን ቀን ጎንደር ነበርሁ» ማለት መልስ አይሆንም።

ከገንዘቡ ዕዳ የሚከፋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኀኒት የለውም ማለት ይቻላል። በክትባት መከላከል ግን ይቻላል፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ ዓለም ይህን ያውቃል። ውሻው ራሱ በየጊዜው ሲከተብ ደግሞ አደጋው ከሥሩ ይቆረጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ የመከላከል ኀይል እስኪያገኝ ድረስ ግን አንድ ወር ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ለገና የሚሄድ ሰው ውሻውን ማስከተብ ያለበት በታኅሣሥ መጨረሻ ሳይሆን ቢዘገይ በኅዳር ነው።

ሦስቱ መንገዶች

ውሻን ለማሳደር ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ውሻው በቤቱ እንደ ሆነ ጎረቤት ወይም የግቢው ዘበኛ እንዲያበላው ማድረግ ነው። ውሻው ከለመደው ግቢ አይወጣምና ለጠባዩ ይስማማዋል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ነገር ግን «አደራ» ብሎ መሄድ አይበቃም። የውሻው መኖ ተገዝቶ መቀመጥ፣ የዘበኛውም የድካም ዋጋ ለብቻ መከፈል አለበት። የውሻው ቀለብና የሰውዬው ጉርሻ በአንድ ብር ኖት ተጠቅልለው የተሰጡ እንደ ሆነ፣ ኑሮ የከበደው ሰው ከሁለቱ ማንን እንደሚያስቀድም መገመት አያስቸግርም፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

ሁለተኛው፣ ከዘመድ ወይም ከባልደረባ ቤት ማሳደር ነው። ደመወዛቸው አነስተኛ ለሆነ ወጣቶች ከሁሉ የሚሻለው ይህ ይመስለኛል። ሁለት ወይም ሦስት ባለ ውሻ ባልደረቦች ተስማምተው አንዱ ለገና ሲሄድ ሌላው፣ ሌላው ለፋሲካ ሲሄድ ያ ሊጠብቁ ይችላሉ፤ እንደ ዕቁብ ተራ ማለት ነው። ሆኖም የወንዱን ወይም የሴቲቱን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡን ሁሉ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ውሻ ከደጃፍ እንዲያልፍ የማይወዱ አያት ባሉበት ቤት ውሻን አስገድዶ ማስገባት ወዳጅነትን ያቀዘቅዛል። ሴት ውሻ እንደ ሆነች ደግሞ የመፈለጊያ ጊዜዋ መድረስ አለመድረሱን ማሰብ ይገባል። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል የሚመጣ ሲሆን እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ካልተጠበቀችም ከሁለት ወር በኋላ ባለቤቷ ያላሰባቸውን ቡችሎች ይቀበላል።

ሦስተኛው፣ ውሻ በክፍያ ተቀብሎ የሚያሳድር ቤት ነው። እንዲህ ያሉ ቤቶች ዛሬ በአዲስ አበባ ይገኛሉ። ዋጋው ከሁለቱ ይበልጣል፤ ስለዚህም ከመክፈል በፊት ማየት ያስፈልጋል።

ቤቱን እንዴት እንመርምረው?

ውሻን በስልክ ብቻ ተስማምቶ ማስረከብ አይገባም። ባለቤቱ ሄዶ ግቢውን ይይ። አጥሩ ቀዳዳ የለውምን? ውሻው ከዝናብና ከብርድ የሚጠለልበት፣ በቀንም ጥላ የሚያገኝበት ስፍራ አለን? የመጠጫው ውሃ ንጹሕ ነውን? የታመመ ውሻ ቢኖር ለብቻው የሚቀመጥበት አለን? ማታ ከውሾቹ ጋር የሚያድረው ሰው ማን ነው?

ከጥያቄ ሁሉ የሚበልጠው ግን ባለ ቤቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የውሻውን የክትባት ወረቀት ሳይጠይቅ የሚቀበል ቤት የሌሎቹንም አልጠየቀም ማለት ነው። እንግዲህ የእኛ ውሻ የሚያድረው ካልተከተቡ ውሾች ጋር ነው። «ወረቀት አያስፈልግም» መባል ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ከዚያ ቤት ፈጥኖ ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው። መልካም መስሎ የታየውንም ቤት ከጉዞው በፊት በአንድ ሌሊት መፈተን ብልኅነት ነው።

የበዓል ፍርፋሪ

ውሻችን ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በማዕድ ፍርፋሪ ነው። በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሽንኩርት ጥሬውም ሆነ የበሰለው የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያጠፋል፤ የወጣችን መሠረት ደግሞ ሽንኩርት ነው። ከተረፈው የዶሮ ወጥ ይልቅ ያልተወጠወጠ ሥጋና ሩዝ ይሻለዋል። ሁለተኛ፣ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ሦስተኛ፣ በታረደ በግ ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንድ ጊዜ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይታያል። በውስጡ የትል ዘር አለበት። ውሻ ጥሬውን ቢበላ ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በሰውም ጉበትና ሳንባ ያንኑ እብጠት ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ያሳድጋል። እንግዲህ ውሻ የተረከበ ቤተ ሰብ በበዓል ቀን በደግነት የሚወረውረው ጉበት ለውሻውም ለልጆቹም መርዝ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ክፍል ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ሒሳቡ

አሁን እርሳስና ወረቀት እናንሣ። ከታኅሣሥ 28 ቀን እስከ ጥር 12 ቀን የሚቆይ ሰው ውሻውን 14 ሌሊት ያሳድራል። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል የበሰለ ምግብ ይበቃዋል፤ ለ14 ቀን 7 ኪሎ መሆኑ ነው። ዋጋው እንደ ሰፈሩ ስለሚለያይ የሚከተለው ለምሳሌ ብቻ የቀረበ ነው፤ አንባቢ በየቦታው የራሱን ቍጥር ይተካ።

ማደሪያው በሌሊት 150 ብር ቢሆን 2,100 ብር ይመጣል። መኖው በቀን 50 ብር ቢሆን 700 ብር። ለማድረሻና ለመመለሻ 200 ብር። ድምሩ 3,000 ብር ነው። በዚህ ላይ አንድ አምስተኛው፣ ማለት 600 ብር፣ ለድንገተኛ ሕመም ይጨመር፤ ጠቅላላው 3,600 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በበዓል ሰሞን በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ያስደነግጣል። ከነሐሴ፣ ከመስከረም፣ ከጥቅምትና ከኅዳር ደመወዝ ግን በየወሩ 900 ብር ማስቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው መንገድ የሚጠቀም ሰው ማደሪያውን ቀንሶ የድካም ዋጋውን ወይም የበዓል ስጦታውን ይተካበት። ክትባቱ ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው፤ ባለቤቱ ቢጓዝም ባይጓዝም በየዓመቱ የሚከፈል ነውና።

አንዲት ወረቀት

በመጨረሻ ለጠባቂው አንዲት ወረቀት ትሰጥ። በወረቀቷ ላይ የውሻው ስምና ዕድሜ፣ የምግቡ ዓይነትና ሰዓት፣ የባለቤቱ ስልክ፣ የእንስሳት ሐኪሙ አድራሻ፣ ለሕክምናም ሳይጠይቁ ሊያወጡ የሚችሉት ገንዘብ ልክ ይጻፍ። ውሻው በመጀመሪያው ቀን ምግብ ቢያኰርፍ እንዳይደነግጡ፣ ውሃ ካልጠጣ ግን ሐኪም እንዲጠሩ ይነገር። ሰው ቢነክስ ደግሞ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ የተነከሰውም ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ውሻው በንዴት አይገደል፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይታይ እንጂ። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነውና ለተነከሰው ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው።

ውሻ ለመያዝ የሚያስብ ወጣት ሁሉ ቡችላዋን ከመቀበሉ በፊት በዓመት ስንት ሌሊት ከቤቱ እንደሚለይ ይቍጠር። ቍጥሩን ከደመወዙ ጋር አስተያይቶ የሚከብደው ከሆነ ውሻ ሳይዝ ቢቆይ ነውር የለውም፤ ይዞ መጣል ግን ነውር ነው።